ታዚዮ ኑቮላሪ፤ ወይም የነጂ ጥበብና የመኪና ጕልበት

የሰውን ጥበብና የመሣሪያን ኃይል ማወዳደር የቆየ ነገር ነው። የቀድሞ ሰዎች ስለ ፈረሰኛና ስለ ፈረስ ይከራከሩ እንደ ነበር ሁሉ፣ የዛሬ ወጣቶችም ስለ ነጂና ስለ መኪና ይከራከራሉ። በዲላ ከተማ በጋራዦች አጠገብ ወይም በይርጋ ጨፌ መናኸሪያ ጥቂት የቆመ ሰው ይህን ክርክር ሳይሰማ አያልፍም። አንደኛው ወገን ሞተሩ ብርቱ ከሆነ ማንም ቢነዳው ይቀድማል ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ከኢዲዶ ቡና ጭኖ ዝናብ ባራሰው መንገድ ላይ የሚወጣውን ያረጀ የጭነት መኪና እያመለከተ፣ ዋናው ነገር መሪውን የያዘው እጅ ነው ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ወገኖች ማስረጃ አያጡም፤ ስለዚህ ነገሩ ፍርድ ሳያገኝ ይመሻል።

ይህን ክርክር በቃል ሳይሆን በገዛ ሕይወቱ የመረመረ አንድ ሰው ነበረ። እርሱም ታዚዮ ኑቮላሪ የሚባለው ኢጣልያዊ የእሽቅድምድም ነጂ ነው። ከሞተ ከ70 ዓመት በላይ ቢሆነውም፣ በዓለም ላይ ስለ መኪና ነጂዎች ጥበብ በተነገረ ቍጥር ስሙ ከፊተኞቹ ጋር ይጠራል። ለትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት የእርሱን ታሪክ የመረጥሁት ክርክሩን የሚፈርድ ማስረጃ ከእርሱ ሕይወት የበለጠ ስላላገኘሁ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት፣ የኢትዮጵያ ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ለእኛ አገር አንባቢ የዚህ ሰው ሙያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ጎማ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ እያልን የምንጠራቸው የመኪና ክፍሎች ሁሉ ስማቸውን ያገኙት ከኢጣልያ ቋንቋ ነው። መካኒኮቻችን በየቀኑ የሚናገሩት ቃል ኑቮላሪ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ያደገው ቃል ነው።

ታዚዮ ኑቮላሪ በኖቬምበር 16 ቀን 1892 ዓ. ም. በሰሜን ኢጣልያ፣ በማንቶቫ ከተማ አጠገብ ካስቴል ዳሪዮ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አገሩ ሜዳማ የእርሻ አገር ነው። አባቱ አርቱሮና አጎቱ ጁዜፔ ሁለቱም በቢስክሌት ውድድር የሚታወቁ ሰዎች ነበሩ፤ ይልቁንም አጎቱ የኢጣልያን ሻምፒዮንነት ደጋግሞ ያገኘ ስመ ጥር ጋላቢ ነበረ። ብላቴናው ለመንኰራኵር ያደረበት ፍቅር ከዚሁ ከአጎቱ እንደ መጣ ይነገራል። በሰውነቱ አጭርና ቀጭን ስለ ነበረ፣ ላዩን ያየ ሰው የብርቱ ሥራ ሰው ነው ብሎ አይገምተውም ነበር።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ ኑቮላሪ በኢጣልያ ጦር ውስጥ ቍስለኞችን የሚያመላልስ መኪና ነጂ ሆኖ አገለገለ። በዚያን ጊዜ አንድ መኰንን አነዳዱን አይቶ፣ ይህ ሥራ ለአንተ የተፈጠረ አይደለምና ተወው ብሎ መከረው እየተባለ ይተረካል። ነገሩ እውነት ቢሆንም ባይሆንም፣ ሰዎች ይህን ታሪክ የሚወዱት ስለ ምን እንደ ሆነ ግልጥ ነው፤ ሰው በጅምሩ ብቻ ሊፈረድበት እንደማይገባ ያስተምራልና። በ1917 ዓ. ም. ካሮሊና ፔሪና የምትባል ሴት አግብቶ፣ በሚከተለው ዓመት ጆርጆ የተባለ ወንድ ልጅ ወለደ።

ኑቮላሪ ወደ ውድድር የገባው ዘግይቶ ነው። በ1920 ዓ. ም. በክሬሞና ከተማ በሞተር ቢስክሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ ዕድሜው 27 ዓመት ነበረ፤ ያን ውድድር ሳይጨርስ ቀረ። በዚያን ዘመን ከተወዳዳሪዎቹ ብዙዎቹ ደመወዝ የሚከፍላቸው ፋብሪካ አልነበራቸውም። የገዛ መሣሪያቸውን በገዛ ገንዘባቸው ገዝተው፣ ራሳቸው ጠግነው፣ ለፍቅሩ ብቻ የሚወዳደሩ አማተሮች ነበሩ። ኑቮላሪም ከእነዚሁ አንዱ ነበር። በ1921 ዓ. ም. አንሳልዶ በሚባል ተራ መኪና የቬሮናን ዋንጫ አገኘ። ይህ ውድድር የጽናት ፈተና ነበር፤ በዚህ ዓይነቱ ውድድር ዋናው ነገር ፍጥነት ሳይሆን መኪናውን ሳይሰብሩና ሰዓትን ሳያዛንፉ መድረስ ነው። አንባቢ ይህን ልብ እንዲለው እለምናለሁ፤ በኋላ በድፍረቱ ዓለምን ያስገረመው ሰው በመኪና የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው በጥንቃቄ ነው።

በ1925 ዓ. ም. አልፋ ሮሜዮ የተባለው ፋብሪካ ዋና ነጂው አንቶኒዮ አስካሪ በፈረንሳይ አገር ሞቶበት ስለ ነበር፣ በምትኩ የሚሆን ሰው ይፈልግ ጀመር። ኑቮላሪም በሞንዛ ሜዳ ላይ እንዲፈተን ተጠራ። ፒ 2 የሚባለውን ብርቱ መኪና ይዞ በታላቅ ፍጥነት ሲሮጥ ሳለ የማርሹ ሣጥን ነክሶ ስለ ቀረ መኪናው ከመንገድ ወጣ፤ ኑቮላሪም ጀርባው ክፉኛ ቈሰለ። ሐኪሞች እንዲተኛ ቢያዙትም፣ ከስድስት ቀን በኋላ ወገቡንና ጀርባውን በፋሻ አስጠቅልሎ በዚያው በሞንዛ በቢያንኪ ሞተር ቢስክሌት ላይ ተቀመጠ፤ በ350 ሲ. ሲ. ክፍልም አሸነፈ። በዚያው ዓመት በዚህ ክፍል የአውሮፓ ሻምፒዮን ተባለ። በመኪናው ግን የፋብሪካውን ቦታ ሳያገኝ ቀረ።

ወደ መኪና ውድድር በሙሉ ልቡ ለመግባት ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነበረ፤ ይኸውም የራሱን መኪናዎች መግዛት ነው። ስለዚህ ቡጋቲ የተባሉ የፈረንሳይ መኪናዎች ገዝቶ በ1928 ዓ. ም. የራሱን ቡድን አቆመ። ከእርሱ ጋር አኪሌ ቫርዚ የሚባል ወጣት ተባበረ። ቫርዚ የሀብታም የጨርቅ ፋብሪካ ባለቤት ልጅ ሲሆን፣ በአነዳዱ ረጋ ያለ፣ አንድ ስሕተት የማይገኝበት ሰው ነበረ። ሁለቱ አብረው ጀመሩ፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ቫርዚ በገንዘቡ ያንኑ አልፋ ሮሜዮ ፒ 2 ገዝቶ ተለየ። ከዚያ በኋላ በ1929 ዓ. ም. ቫርዚ በብርቱ መኪናው ድል በድል ላይ ሲጨምር፣ ኑቮላሪ በደከመው ቡጋቲ ከኋላ ይከተለው ነበር።

እንግዲህ እዚህ ላይ የክርክሩ የመጀመሪያ ማስረጃ ይገኛል። ምንም እንኳ ኑቮላሪ ታላቅ ነጂ ቢሆን፣ እኩል ከሚሆነው ሰው ጋር ተሰልፎ መሣሪያው ሲያንስበት ተሸንፏል። ሞተር ኃይሉ ትርፍ ነገር አይደለም። ከእርሱ ታሪክ ውስጥ ይህን ምዕራፍ ዘልሎ ድሉን ብቻ የሚያወራ ሰው እውነቱን በግማሽ ይናገራል።

ሁለተኛው ማስረጃ በሚከተለው ዓመት መጣ። በ1930 ዓ. ም. ኑቮላሪና ቫርዚ ሁለቱም በአልፋ ሮሜዮ ቡድን ውስጥ ሆነው ሚሌ ሚሊያ ለሚባለው ውድድር ተሰለፉ። የስሙ ትርጕም አንድ ሺህ ማይል ማለት ነው፤ ከብሬሺያ ከተማ ተነሥቶ እስከ ሮማ ወርዶ ወደ ብሬሺያ የሚመለስ፣ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የሕዝብ መንገድ ነበረ። ተራራ፣ ድልድይ፣ መንደር፣ አቧራና ጨለማ ሁሉ ይገኝበት ነበር። የሁለቱም መኪና አንድ ዓይነት፣ 6 ሲ 1750 የሚባለው ነው። ስለዚህ በዚህ ጊዜ በመኪና ማመካኘት አይቻልም ነበር። ኑቮላሪ ረዳቱን ጉይዶቲን ይዞ አሸነፈ፤ አማካይ ፍጥነቱም በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በለጠ፤ ከዚያ በፊት በዚያ ውድድር እንዲህ ያለ ፍጥነት ላይ የደረሰ አልነበረም። በሌሊቱ መጨረሻ ቫርዚ እንዳያየው መብራቱን አጥፍቶ ደረሰበት የሚለው ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። እውነቱ ግን ከወሬው ይልቅ ቀላል ነው፤ ኑቮላሪ የተነሣው ከቫርዚ በኋላ ስለ ነበረ፣ ባይቀድመውም እንኳ ሰዓቱ ሲቈጠር አሸናፊ ይሆን ነበር። ድሉን ያመጣው የመብራቱ ተንኰል ሳይሆን ከዚያ በፊት በየጠመዝማዛው ላይ አንድ አንድ ሴኮንድ እየቈጠበ የሰበሰበው ጊዜ ነው።

ለመሆኑ እነዚያን ሴኮንዶች እንዴት ያገኛቸው ነበር? የመኪና ፋብሪካ መሥራች የሆነው ኤንዞ ፌራሪ ከኑቮላሪ አጠገብ ተቀምጦ አነዳዱን እንደ ተመለከተ በኋላ በመጽሐፉ ተርኳል። ኑቮላሪ ወደ ጠመዝማዛው ሲቃረብ ሌላው ሰው ከሚዞርበት ቦታ ቀደም ብሎ መሪውን ያዞር ነበር። መኪናው በአራቱም ጎማ ወደ ጎን ሲንሸራተት እግሩን ከነዳጁ ላይ ሳያነሣ፣ ኃይሉንና መንሸራተቱን እርስ በርሱ እያመዛዘነ አፍንጫውን ወደ መውጫው ያቀናው ነበር። ለተመልካች እብደት ይመስላል፤ ነገር ግን ሥራው ሒሳብ ያለው ነው። መኪና ምድርን የሚይዘው ከእጅ መዳፍ ብዙም በማይበልጡ አራት የጎማ ፊቶች ብቻ ነው። ሞተሩ የቱንም ያህል ብርቱ ቢሆን ጎማው ሊይዝ ከሚችለው በላይ ያለው ኃይል ጎማ ከማሽከርከርና ጭስ ከማስነሣት በቀር አይጠቅምም። ስለዚህ በጠመዝማዛ፣ በዝናብና በጭቃ መንገድ ላይ ብርቱውና ደካማው መኪና እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። የነጂ ጥበብ ማለትም ጎማው የሚይዝበትን የመጨረሻ ድንበር በወገብና በእጅ ማወቅ ነው።

ከ1931 እስከ 1933 ዓ. ም. የነበሩት ዓመታት የክብሩ ዓመታት ናቸው። በሲሲሊያ ተራሮች ላይ የሚደረገውን የታርጋ ፍሎሪዮን ውድድር ሁለት ጊዜ አሸነፈ፤ በ1932 ዓ. ም. የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ፤ በ1933 ዓ. ም. በፈረንሳይ ለ ማን በሚባለው ቦታ 24 ሰዓት የሚቆየውን ውድድር ከሬሞን ሶሜር ጋር አሸነፈ። በዚያው ዓመት አጋማሽ የአልፋ ቡድንን ትቶ ማዜራቲ በሚባል መኪና ይወዳደር ጀመር። የማዜራቲው ሞተር መልካም ሲሆን ሻሲው ግን የሚላላ ነበረ። ኑቮላሪ ይህን በመሪው በኩል በእጁ ስለ ተሰማው፣ በቤልጅግ አገር ከውድድሩ በፊት ሻሲው እንዲጠነክር አስደረገ፤ ከዚያም አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በሰሜን አየርላንድ ኤም ጂ የምትባል ትንሽ የእንግሊዝ መኪና ተሰጠችው። ማርሽዋ ከለመደው የተለየ ስለ ነበር በልምምድ ጊዜ ተማረው፤ በእርሷም አሸነፈ። ከዚህ እንደምንረዳው፣ ጥበብ የሚባለው መሪ ማዞር ብቻ አይደለም። መኪናው የሚናገረውን ሰምቶ በሽታውን ማወቅም የጥበቡ ክፍል ነው። በእኛ አገር ሽማግሌ ሾፌሮች ከሩቅ የሞተር ድምፅ ሰምተው ጕድለቱን ሲናገሩ የምናደንቀው ይህንኑ ሙያ ነው።

በ1934 ዓ. ም. በአሌሳንድርያ ከተማ በዝናብ ተገልብጦ እግሩ ተሰበረ። አጥንቱ ሳይጠገን፣ ሦስቱም ፔዳሎች በግራ እግር እንዲረገጡ መኪናውን አስለውጦ በበርሊን አጠገብ በሚገኘው አቩስ በሚባል መንገድ ላይ ተወዳድሮ አምስተኛ ወጣ። ይህን የምጽፈው ወጣቶች እንዲያደርጉት ሳይሆን፣ ሰውዬው ምን ያህል ግትር እንደ ነበረ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ታላቁ ቀን ደርሰናል። በጁላይ 28 ቀን 1935 ዓ. ም.፣ ማለት በሐምሌ 21 ቀን 1927 ዓ. ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ የጀርመን ታላቅ ውድድር ኑርቡርግሪንግ በሚባለው ቦታ ተደረገ። ይህ መንገድ በተራራና በዱር ውስጥ የሚዞር፣ አንድ ዙሩ ወደ 23 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ ጠመዝማዛው ከመቶ የሚበልጥ ነበረ። ነጂዎቹ 22 ጊዜ ሊዞሩት፣ ማለት 500 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሄዱበት ይገባቸው ነበር። የጀርመን መንግሥት መርሴዲስ ቤንዝና አውቶ ኡኒዮን ለሚባሉት ፋብሪካዎች ገንዘብ እየረዳ እጅግ ብርቱ መኪናዎች አሠርቶ ነበር። ከእነርሱ ዘጠኙ ተሰለፉ። የኑቮላሪ አልፋ ሮሜዮ ፒ 3 ግን አሠራሩ የ1932 ዓ. ም. ሲሆን፣ ኃይሉ ከጀርመኖቹ በ100 የፈረስ ጕልበት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ያንስ ነበር። ተመልካቹ ሕዝብ እስከ 300,000 እንደሚደርስ ተገምቷል፤ ሁሉም የመጣው የጀርመንን ድል ለማየት ነበር።

ጥዋት ዝናብ ስለ ዘነበ መንገዱ ርጥብ ነበረ። ኑቮላሪ በመጀመሪያ ወደ ኋላ ቢቀርም፣ አንድ በአንድ እያለፈ ወደ ውድድሩ እኩሌታ ሲደርስ መሪ ሆነ። ከዚያም ሁሉም ነዳጅና ጎማ ለመለወጥ ቆሙ። በዚህን ጊዜ የአልፋ ሠራተኞች የነዳጅ መቅጃ ፓምፕ ተሰበረባቸው፤ በቆርቆሮ ዕቃ በእጅ እየቀዱ ሲያፈሱ ከሁለት ደቂቃ በላይ አለፈ። የመርሴዲሱ ነጂ ፎን ብራውኪች ግን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተነሥቶ ሄደ። ኑቮላሪ ወደ ስድስተኛ ወረደ። ብዙ ሰው በዚህ ላይ ተስፋ ይቈርጥ ነበር። እርሱ ግን እንደ ገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ጥቂት ዙር ሳይሞላ ሁለተኛ ሆኖ፣ ከፊቱ ከፎን ብራውኪች በቀር ሰው አልቀረም።

የመጨረሻው ዙር ሲጀመር በመካከላቸው ግማሽ ደቂቃ ያህል ልዩነት ነበረ። ኑቮላሪ በየዙሩ እየቀረበ ስለ ሄደ፣ ፎን ብራውኪች ጎማው እያለቀ መሆኑን ቢያውቅም ለመቆም አልደፈረም። ዙሩ ሊያልቅ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀረው የኋላ ጎማው ፈነዳ። ኑቮላሪ አልፎት ሄዶ አሸነፈ፤ ዕድሜውም 42 ዓመት ነበረ። ሁለተኛ የወጣው ሽቱክ፣ ሦስተኛ የወጣው ካራቾላ ሲሆኑ፣ ሁለቱም በጀርመን መኪና የነበሩ ናቸው።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ድል የዕድል ነገር ነው ይላሉ፤ ጎማው ባይፈነዳ ኖሮ አያሸንፍም ነበርና። ነገሩን ስንመረምረው ግን ጎማው ያለ ምክንያት አልፈነዳም። የመርሴዲሱ ክብደትና ብርታት ራሱ ጎማውን ይበላው ነበር፤ ነጂውም ከኋላው በሚመጣው ሰው ምክንያት ጎማውን ሊያሳርፍ አልቻለም። ኑቮላሪ የማይደርስበት ሩቅ ቦታ ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሰው ረጋ ብሎ ይገባ ወይም ቆሞ ጎማ ይለውጥ ነበር። ስለዚህ ዕድል መጣ ቢባልም፣ ዕድሉ በመጣ ሰዓት ለመጠቀም በሚቻልበት ርቀት ላይ የተገኘ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ነገር ግን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚያ ዓመት ስም ሌላ ነገር ያስታውሰዋል። ከዚህ ውድድር በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ በመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ. ም. በእኛ አቈጣጠር፣ የፋሽስት ኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ። ያ መንግሥት የስፖርተኞቹን ድል ሁሉ ለራሱ ክብር ይጠቀምበት ነበር። የአንድን ነጂ ሙያ ማድነቅ ግን በስሙ የነገደውን መንግሥት ማድነቅ አይደለም። ከዚህም በላይ ያ ጦርነት ስለዚሁ ስለ ክርክራችን መራራ ትምህርት ይሰጠናል። በመጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ. ም. በማይጨው ላይ የተሰለፉት አባቶቻችን ጀግንነት አላነሳቸውም፤ ነገር ግን ከአየር በሚወርድ ቦምብና በመርዝ ጋዝ ላይ ጀግንነት ብቻውን አልበቃም። በኋላ አርበኞቻችን በሚያውቁት ተራራና ዱር ውስጥ ሆነው ሲዋጉ፣ የጠላት መሣሪያ ብልጫ ቀነሰ። አገሩን ማወቅ፣ ጠመዝማዛውን ማወቅ፣ የደካማው ኃይል ነው። ኑቮላሪም በቀጥታ ሜዳ ላይ ሳይሆን በኑርቡርግሪንግ ተራራ ላይ ማሸነፉ ከዚሁ ሕግ የተለየ አይደለም።

ከዚያ ድል በኋላ የጀርመን መኪናዎች እየበረቱ፣ የኢጣልያዎቹ እየደከሙ ሄዱ። ኑቮላሪ በ1936 ዓ. ም. በኒውዮርክ የቫንደርቢልትን ዋንጫ ቢያገኝም፣ በ1937 ዓ. ም. በአልፋ ማሸነፍ እጅግ አስቸጋሪ ሆነ። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ በመርከብ ሲጓዝ ሳለ የበኵር ልጁ የጆርጆ ሞት ተነገረው። ጆርጆ ሲሞት 18 ዓመቱ ነበር፤ ይህም አሁን የዚህን ትምህርት ቤት የመጨረሻ ክፍል የምንጨርሰው የብዙዎቻችን ዕድሜ ነው።

በ1938 ዓ. ም. ኑቮላሪ ወደ ጀርመኑ አውቶ ኡኒዮን ቡድን ገባ። ይህ ነገር ለክርክራችን ሦስተኛው ማስረጃ ነው፤ የጥበብ አባት የሚባለው ሰው ራሱ የተሻለ መኪና ፍለጋ ሄደ። የአውቶ ኡኒዮን ሞተር ከነጂው ኋላ የተቀመጠ ስለ ነበር አነዳዱ እጅግ አስቸጋሪ ነበረ፤ ብዙ የታወቁ ነጂዎች ሊገሩት አልቻሉም። ኑቮላሪ ግን በ45 ዓመቱ እንደ ተማሪ ሆኖ ከአዲስ ጀመረ። በዚያው ዓመት በሞንዛና በእንግሊዝ አገር በዶኒንግተን አሸነፈ። ብርቱ መኪናና ብልህ ነጂ በአንድነት ሲገኙ የሚሆነውን በዚህ ጊዜ ዓለም አየ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኑቮላሪ ያረጀና የታመመ ሰው ነበር። ለብዙ ዓመት የሳበው የነዳጅ ጭስ ሳንባውን ጎድቶት ነበር። በ1946 ዓ. ም. ሁለተኛው ልጁ አልቤርቶ ደግሞ እንደ ወንድሙ በ18 ዓመቱ ሞተ። ሐዘኑን የሚያስረሳው ከመሪ በቀር ሌላ ነገር አልነበረውም። በዚያው ዓመት በቶሪኖ ከተማ ቺዚታሊያ በምትባል ትንሽ መኪና ሲወዳደር መሪው ተነቅሎ በእጁ ላይ ቀረ፤ እርሱ ግን የቀረውን ብረት ይዞ ውድድሩን ጨረሰ። በ1947 ዓ. ም. በሚሌ ሚሊያ በዚሁ ዓይነት 1,100 ሲ. ሲ. ብቻ ባላት ግልጥ መኪና በከባድ ዝናብ ከብርቱዎቹ ሁሉ ፊት ሆኖ ሲመራ፣ ውኃ የኤሌክትሪኩን ክፍል ነክቶት ጥቂት ጊዜ ቆመ፤ ቢዮንዴቲ በትልቁ አልፋ ቀደመውና ሁለተኛ ሆነ። በ1948 ዓ. ም. ደግሞ በ55 ዓመቱ በፌራሪ ሲመራ፣ መኪናው ክፍል በክፍል እየተነቀለ ሄደ፤ በመጨረሻ ባሌስትራው ተሰብሮ ቆመ። ነጂው ሳይደክም መኪናው ደከመ። ይህ አራተኛው ማስረጃ ነው፤ መኪና ሊሰጥ የማይችለውን ነገር ማንም እጅ ሊቀበለው አይችልም።

የመጨረሻ ውድድሩ በ1950 ዓ. ም. በሲሲሊያ በሞንቴ ፔሌግሪኖ ዳገት ላይ ነበረ፤ በትንሽ መኪና በክፍሉ አንደኛ ወጣ። በኦገስት 11 ቀን 1953 ዓ. ም.፣ ማለት በነሐሴ 5 ቀን 1945 ዓ. ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፣ በማንቶቫ በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ። እንደ ፈቃዱም የውድድር ልብሱን ለብሶ ተቀበረ። አስከሬኑን የሸኘው ሕዝብ በብዙ አሥር ሺህ የሚቈጠር ነበር።

እንግዲህ ክርክሩን እንዴት እንፈርደው? ከኑቮላሪ ሕይወት እንደ ተማርሁት፣ መኪናው የሚደረስበትን ድንበር ያበጃል፤ ነጂው ከዚያ ድንበር ምን ያህል እንደሚቀርብ ይወስናል። ደካማ ነጂ በብርቱ መኪና ላይ ቢቀመጥ ከድንበሩ እሩቅ ቀርቶ፣ ወይም ሳያውቀው ድንበሩን አልፎ ይጠፋል። ብልህ ነጂ በደካማ መኪና ላይ ቢቀመጥ እስከ ድንበሩ ይደርሳል፤ ከዚያ ግን አያልፍም። ልዩነቱ ጠባብ በሚሆንበት በዝናብና በተራራ መንገድ ላይ ጥበብ ያሸንፋል፤ ልዩነቱ ሰፊ በሚሆንበት በቀጥታ መንገድ ላይ ጕልበት ያሸንፋል። በ1960 ዓ. ም. በሮማ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ዓለም የተደነቀው፣ መሣሪያ ከቶ የማያስፈልግ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ የሰውየው ሙያ ከጫማው ብልጫ እጅግ ስለ በለጠ ነው።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልጨምር። ሚሌ ሚሊያ በሕዝብ መንገድ ላይ ይደረግ የነበረው ውድድር በ1957 ዓ. ም. አበቃ፤ በዚያ ዓመት ጎማው የፈነዳ አንድ ፌራሪ ወደ ተመልካቹ ገብቶ ነጂውንና ረዳቱን፣ ከሕዝቡም ዘጠኝ ሰዎች ስለ ገደለ ነው፤ ከእነርሱም ውስጥ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። ከ1977 ዓ. ም. ጀምሮ በዚያ ስም የሚደረገው ሌላ ዓይነት ውድድር ነው። የጥንት መኪናዎች ያሏቸው አማተሮች በተወሰነ ሰዓት ከተወሰነ ቦታ ለመድረስ ይሞክራሉ፤ አሸናፊው ፈጣኑ ሳይሆን ሰዓቱን በትክክል የጠበቀው ነው። በማንቶቫም በኑቮላሪ ስም እንዲህ ያለ ውድድር ይደረጋል። እነሆ ነገሩ ኑቮላሪ በ1921 ዓ. ም. ወደ ጀመረበት ወደ ጽናት ፈተና ተመልሷል።

ከዲላ ወደ ቡሌ የሚወጣው፣ ከዲላም ወደ ይርጋ ጨፌና ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ የውድድር ሜዳ አይደለም። በዳሩ እናቶቻችን ወደ ገበያ ይሄዱበታል፤ ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ወደ ትምህርት ቤት ይመጡበታል። ከእኛ መካከል ነገ ሞተር ቢስክሌት ወይም መኪና የሚይዝ ይኖራል። ያ ሰው የማን ሞተር ይበልጣል ብሎ ሳይሆን፣ ፍሬኑ ምን ያህል እንደሚይዝ፣ ጎማው ምን ያህል እንደ ቀረው፣ ዝናቡ መንገዱን ምን እንዳደረገው ብሎ ይጠይቅ። ኑቮላሪን ታላቅ ያደረገው የመኪናውንና የመንገዱን ድንበር ማወቁ ነው። በእኛ መንገድ ላይ የዚህ እውቀት ዋንጫ የተሳፈረውን ሰው በደኅና ወደ ቤቱ ማድረስ ነው።